ስልክ ቁጥር ሰጥቶ ማሰናበት ወደ ሕክምና ማድረስ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1841 በቦስተን ከተማ ጆን ኦገስተስ የተባለ ጫማ ሠሪ በስካር ተከስሶ ፍርድ ቤት የቀረበን አንድ ሰው ወህኒ ከመውረዱ በፊት ዋስ ሆኖ ወሰደው። ሰውየው መጠጥ ላለመቅመስ ቃል ገብቶ ፈረመ፤ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ከዋሱ ጋር ዳኛው ፊት ሲመለስ ስካር ትቶ ስለነበር የአንድ ሳንቲም መቀጫና የችሎት ወጪ ብቻ ከፍሎ ተሰናበተ። የአሜሪካ የፕሮቤሽን ሥርዓት፣ ማለትም ጥፋተኛን ከማሰር ይልቅ ግዴታ ሰጥቶ በክትትል ሥር ቤቱ የማቆየት አሠራር፣ አባቴ የሚለው ይህን ጫማ ሠሪ ነው። ፕሮቤሽን ገና ሲወለድ ከሱስ ጋር የተያያዘ እንደነበረ፣ ዋሱም ሰውየውን አድራሻ ጽፎ ሰጥቶ እንዳላሰናበተው ማስታወሱ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ዛሬ በስሙ የሚሠራው ሥራ ከዚያ በእጅጉ የራቀ ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ በታዳጊዎች ፍርድ ቤት ፕሮቤሽን የተወሰነበት የ16 ዓመት ልጅ ከእናቱ ጋር ከችሎት ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው የግዴታ ዝርዝር ነው። ትምህርት ቤት አዘውትሮ መገኘት፣ በተወሰነው ሰዓት ቤት መግባት፣ ሲጠየቅ የሽንት ምርመራ መስጠት፣ የሱስ ሕክምና መከታተል። የመጨረሻው ከሌሎቹ ጋር በአንድ ገጽ ላይ እኩል ተጽፎ ይገኛል እንጂ እኩል አይደለም። ሰዓት አክብሮ ቤት መግባት በልጁና በወላጆቹ እጅ ያለ ነገር ነው፤ ሕክምና ለመጀመር ግን ባዶ ቦታ ያለው ክሊኒክ፣ ተቀባይነት ያለው የጤና መድን፣ የወላጅ ፊርማ፣ ቋንቋ የሚችል ሰው እና ከሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የዕፅ ሱስ ጥናት ተቋም በ7 ግዛቶች በሚገኙ 36 የታዳጊዎች ፍትሕ ጽሕፈት ቤቶች ያካሄደው ሰፊ ጥናት መንገዱን በደረጃ ከፋፍሎ ተከታትሏል፤ ልጁ ስለ ሱስ ተጠይቋል ወይ፣ በባለሙያ ተመርምሯል ወይ፣ ወደ ሕክምና ተልኳል ወይ፣ ጀምሯል ወይ፣ ጀምሮስ ቆይቷል ወይ። በየደረጃው ልጆች እየተንጠባጠቡ ይቀራሉ፤ ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸው ከታወቀው መካከል በትክክል የሚጀምሩት ጥቂቶች ናቸው። ይህን የልጆቹ እምቢተኝነት ብቻ አድርጎ ማየት የሚቀናቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን አልቀበለውም። የፕሮቤሽን ጽሕፈት ቤቱና ክሊኒኩ የተለያዩ ተቋማት ናቸው፤ ልጁን የሚከታተለው የፕሮቤሽን ኦፊሰር የላከው ልጅ መድረሱን ሳያውቅ ሳምንታት ያልፋሉ፣ ክሊኒኩም ያልመጣ ልጅ የማን እንደሆነ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም።

በመሐል የሚቀረው ቤተሰቡ ነው። በዚህ መስክ የተሻለ ስም ያገኙት የሕክምና ዓይነቶች ግን ዋና መሣሪያቸው ያደረጉት ራሱን ቤተሰቡን ነው። ስኮት ሄንገለር ያዳበረው መልቲሲስተሚክ ቴራፒ የሚባለው አሠራር ቴራፒስቱ በአንድ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ቤተሰብ ብቻ እንዲይዝ፣ ራሱ ወደ ቤት እንዲሄድና በማንኛውም ሰዓት ሲደወልለት እንዲያነሳ ያደርጋል፤ ሥራው ከ3 እስከ 5 ወር ይቆያል። በማያሚ ዩኒቨርሲቲ ሃዋርድ ሊድል ያዳበረው ሌላው አሠራር ደግሞ ከልጁ ጋር ለብቻ፣ ከወላጅ ጋር ለብቻ፣ ከዚያም ከሁሉም ጋር በአንድነት ይሠራል። ተአምር ናቸው አልልም፤ እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ ትልቅ ጥናት የመጀመሪያውን አሠራር ከተለመደው አገልግሎት የላቀ ሆኖ አላገኘውም። ቢሆንም እናት ሁለት ፈረቃ ለምትሠራበት ቤት፣ ቀጠሮው ወደ ሳሎኗ መምጣቱ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

በዲሲ፣ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን ችግሩ ተጨማሪ መልክ አለው። በዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አማርኛ ተናጋሪዎችን ጨምሮ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክም በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ተመሳሳይ ግዴታ አለበት። በተግባር ግን ከችሎቱ ውጭ በሚደረገው የስልክ ጥሪና የቤት ጉብኝት ላይ አስተርጓሚው ልጁ ራሱ ሆኖ ይገኛል። ተከሳሽን ዳኛ እንደማድረግ ነው። «ኦፊሰሩ ምን አለ?» ስትል እናት፣ «ጎበዝ ልጅ ነህ አለኝ» የሚል መልስ ብታገኝ ማን ይፈረድበታል?

ሁለተኛው ጉዳይ ገመና ነው። የልጁ ነገር ከቤት እንዳይወጣ ሲባል አገር ቤት አክስቱ ዘንድ መላክን መፍትሔ አድርገው የሚያስቡ ወላጆች አሉ፤ ሐሳቡ ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን በፕሮቤሽን ላይ ያለ ልጅ ያለፍርድ ቤቱ ፈቃድ ከአገር ቢወጣ ግዴታውን እንደጣሰ ይቆጠራል፣ የመያዣ ትእዛዝም ሊወጣበት ይችላል። ጸበልና የነፍስ አባት ምክር ግን ከሕክምናው ጋር የሚጋጩበት ምክንያት አይታየኝም፤ እንዲያውም ቤተሰቡ ክሊኒክ ለመሄድ ከአንድ ኦፊሰር ደብዳቤ ይልቅ የካህኑን ቃል ሊሰማ ይችላል።

ሦስተኛው ጉዳይ የመኖሪያ ፈቃድ ፍርሃት ነው። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የታዳጊዎች ፍርድ ቤት ውሳኔ እንደ ወንጀል ጥፋተኝነት አይቆጠርም፤ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ ይህን እ.ኤ.አ. በ2000 አጽንቷል። ሆኖም ዕፅ መሸጥን የሚመለከት ክስ ሌላ መዘዝ አለው፤ ሜሪላንድ ከ2023 ጀምሮ ለ21 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ የፈቀደችው ማሪዋናም በፌደራል ሕግ እስካሁን የተከለከለ ነው። ስለዚህ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር ይገባል እንጂ ከሕክምና መሸሽ አይገባም። የሱስ ሕክምና መዝገብ በፌደራል ደንብ በጥብቅ የሚጠበቅ ምስጢር ነው፤ ክሊኒኩ ለፕሮቤሽን ጽሕፈት ቤቱ የሚነግረው በአብዛኛው በጽሑፍ የተፈቀደለትን ያህል ብቻ ነው። የሚፈረመው ወረቀት መገኘትን ብቻ ነው ወይስ በክፍሉ የተነገረውን ሁሉ የሚገልጸው? ሳይነበብ መፈረም የለበትም።

መዘግየቱ ዋጋ የሚያስከፍልበት ጊዜ ላይ ነን። ከ14 እስከ 18 ዓመት ባሉ አሜሪካውያን መካከል በዕፅ ብዛት የሞቱት እ.ኤ.አ. በ2019 ከነበሩበት 492 በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 954 ያሻቀቡት ብዙ ልጆች አዲስ ዕፅ ስለጀመሩ ሳይሆን በየሐሰተኛው ክኒን ውስጥ ፈንታኒል የሚባለው እጅግ ኃይለኛ ማደንዘዣ ስለገባ ነው። ናሎክሶን የሚባለው፣ በፈንታኒልና በመሰሎቹ ትንፋሹ የታፈነን ሰው የሚያነቃ፣ አፍንጫ ውስጥ የሚነፋ መድኃኒት ከ2023 ወዲህ ያለሐኪም ማዘዣ ይሸጣል፤ የፕሮቤሽን ጽሕፈት ቤት በመጀመሪያው ቀን ለቤተሰቡ ሊሰጠው የሚገባ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ወጪን በተመለከተ፣ ሜዲኬይድ (ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ያላቸው ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች አስፈላጊ ሕክምና የማግኘት ሰፊ መብት አላቸው፤ በቤቱ እየኖረ በፕሮቤሽን ላይ ያለ ልጅም ይህን መብት አያጣም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ጠባብ ነው። የመጀመሪያው ቀጠሮ ቀንና ሰዓት ቤተሰቡ ከፍርድ ቤት ሳይወጣ ይያዝ፤ አስተርጓሚው በስም ይታወቅ፤ ኦፊሰሩ በዚያ ቀን ልጁ መድረሱን ያረጋግጥ። ይህ ሳይሟላ ሕክምና አልተከታተለም ተብሎ ማንም ልጅ ግዴታውን ጥሷል ተብሎ አይቅረብ፤ አንድ የሽንት ምርመራ ውጤት ዕፅ አሳየ ተብሎም ወደ ማቆያ ከመላኩ በፊት ዳኛው ሕክምናው ተጀምሮ እንደሆነ ይጠይቁ። ከ1967ቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጎልት ውሳኔ ወዲህ ለእስር ሊዳርግ በሚችል ጉዳይ የቀረበ ማንኛውም ልጅ ጠበቃ የማግኘት መብት አለው፤ ይህን ጥያቄ በችሎት ማንሳት የሚችለውም ይኸው ጠበቃ ነው። ወላጆች በአስተርጓሚ በኩል ሊነግሩት የሚገባው ከውሳኔው ቀን በፊት ነው፤ ግዴታዎቹ አንዴ ከተጻፉ በኋላ ማስቀየሩ እጅግ ይከብዳል።