ግድግዳውም ይሥራልን

እናቴ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ነው። ስልኳ ሲጮህ መጀመሪያ ወደ በረንዳ ትሮጣለች። ሳሎን ሆና ካነሳችው «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ይሰማል?» ብቻ ነው። የኔትወርክ ማማው እኮ ሩቅ አይደለም። ፊት ለፊት ያለው ብሎክ ጋርዶት ነው።

ሁሌ የሚነገረን መፍትሔ አንድ ነው፦ ሌላ ማማ ይተከል። እኔ ግን ግድግዳው ራሱ ይሥራ ባይ ነኝ።

ልጆች ሆነን በመስታወት ስባሪ የፀሐይ ብርሃን ይዘን ጨለማ ክፍል ውስጥ እንለቅ ነበር። ባለሙያዎች «ሪኮንፊገረብል ኢንተለጀንት ሰርፌስ» የሚሉት ሰሌዳም ሥራው ይኸው ነው። ሰሌዳው አይንቀሳቀስም። ላዩ ላይ ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ክፍሎች አሉ። እያንዳንዱ ክፍል የደረሰበትን የኔትወርክ ሞገድ በትንሹ አዘግይቶ ይመልሳል፤ መዘግየቱ የሚስተካከለው በኤሌክትሪክ ነው። ሁሉም ሲገጣጠሙ ሞገዱ ስልኩ ያለበት ቦታ ላይ ይደመራል። ሲግናል የሚያጎላ መሣሪያ ስለሌለው የሚበላው መብራት ጥቂት ነው። መብራት ለሚቆራረጥበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 3,200 ክፍሎች ያሉት፣ 6 ካሬ ሜትር የሚሆን ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ሞክረዋል። ከለኳቸው ቦታዎች በግማሹ የሲግናሉ ጉልበት ከ9 እጥፍ በላይ ጨምሯል። በዚያው ዓመት የጃፓኑ የስልክ ኩባንያ ዶኮሞ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ለመስኮት የሚሆን ዓይነት አሳይቷል።

ችግሩም አይደበቅ። ሞገዱ ከማማው ሰሌዳው ድረስ ይደክማል፤ ከሰሌዳው ስልኩ ድረስ ደግሞ እንደገና ይደክማል። ስለዚህ ሰሌዳው ሰፊ መሆን አለበት፤ ደግሞም ወይ ለማማው ወይ ለስልኩ መቅረብ አለበት። ደግነቱ፣ ክፍሎቹ 2 እጥፍ ሲሆኑ የሚመለሰው ጉልበት 4 እጥፍ ይሆናል። በ28 ጊጋኸርዝ ፍሪኩዌንሲ የሞገዱ ርዝመት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ብዙ ክፍል ትንሽ ቦታ ላይ ይገባል። በ900 ሜጋኸርዝ ግን ሞገዱ 33 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሰሌዳው ግድግዳውን ሊያለብስ ምንም አይቀረው። በዚህኛው አንጀምር።

እኔን የሚያሳስበኝ የባለቤትነቱ ነገር ነው። ለአንዱ ኦፕሬተር የተስተካከለ ሰሌዳ የሌላውንም ሞገድ ያለፈቃዱ ይመልሳል። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ደግሞ የጋራ ነው። ማን ይሰቅላል? ማን ያዘዋል? የአውሮፓው የቴሌኮም ደረጃ አውጪ ተቋም ኤትሲ እ.ኤ.አ. በ2021 ለዚህ ቴክኖሎጂ የተለየ ቡድን አቋቁሟል። እኛስ ዕቃው ተገዝቶ እስኪመጣ ለምን እንጠብቃለን? አምስት ኪሎ ያሉ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ከአንድ ብሎክ ኮሚቴ ጋር ተነጋግረው አንድ ሰሌዳ ይስቀሉ። ምድር ቤት ሳሎን ውስጥ ቆመው ሲግናሉን ከሰሌዳው በፊትም በኋላም ይለኩት። የእናቴ ሳሎን ክፍት ነው፤ ቡናም አይጠፋም።