ማታ ውጣና አውሮፕላንህን ዙረው

ጓደኛዬ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ትንሽ ሀንጋር (የአውሮፕላን ጋራዥ) ተከራይቶ አውሮፕላን ይሠራል። አርቪ-7 ነው። ኦሪገን ያለው ቫንስ የሚባለው ኩባንያ ክፍሎቹን ሳይገጣጠሙ በኪት የሚሸጠው፣ አሉሚኒየሙን ራስህ በሪቬት (በብረት ችንካር) እየመታህ የምትገጣጥመው ባለ ሁለት ሰው አውሮፕላን። ዓመታት ፈጅቶበታል። በቅርቡ ደግሞ የውጭ መብራቶቹን ቦታ ልቀይር አለ። በፕላኑ ነጩ መብራት ከጭራው፣ አፍንጫውን ወደ ግራና ቀኝ ከሚያዞረው መሪ ግርጌ ላይ ነው የሚገባው። እሱ ግን ቀይም፣ አረንጓዴም፣ ነጭም፣ ብልጭ ድርግም የሚለው ስትሮብም አንድ ላይ የታሸገበትን ኤልኢዲ ገዛና ሁሉንም ወደ ክንፎቹ ጫፍ ወሰደው።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። የአሜሪካው ደንብም ነጩ ከጭራው ላይ ወይም በሁለቱም ክንፍ ጫፍ ላይ ይሁን ብሎ ነበር የጻፈው። ወደ ጭራ የሚጎተተው ሽቦ ይቀራል። መሪው ላይም የሚንጠለጠል ነገር አይኖርም፤ መሪ ሚዛኑ ተለክቶ የሚሠራ ነገር ስለሆነ ከማጠፊያው ኋላ ክብደት በጨመርክበት ቁጥር በፍጥነት ላይ መርገብገብ ሊጀምር ይችላል፣ እሱ ደግሞ ጭራ ይገነጥላል። እስከዚህ ድረስ ከጓደኛዬ ጋር ነኝ።

የተጣላነው ከዚህ በኋላ ነው። ማብሪያውን ጫን አደረገና "በቃ፣ በራ እኮ!" አለኝ።

ጥያቄው መብራቱ በራ አልበራ አይደለም፣ ከየት እንደሚታይ ነው። ቀዩ ከአፍንጫው ጀምሮ ወደ ግራ 110 ዲግሪ፣ አረንጓዴው ወደ ቀኝ 110፣ ነጩ ከኋላ 140። ደምረው፣ 360 ይመጣል፤ ክፍተት የለውም። ማታ ሌላው ፓይለት ቅርጽህን አያይም። ቀይ ብቻ ካየ ከቀኙ ወደ ግራው እየተሻገርክ ነው። ነጭ ብቻ ካየ እየራቅከው ነው። ቀይና አረንጓዴ አብረው ከታዩት ፊት ለፊት እየመጣህበት ነው።

ስለዚህ ሲመሽ አውሮፕላኑን ገፍተን አወጣነውና የሀንጋሩን መብራት አጠፋን። ከአፍንጫው 20 ሜትር ያህል ርቄ በግራ በኩል ክብ መዞር ጀመርኩ። ቀዩ አብሮኝ ሄደ። ክንፉን አልፌ ወደ ኋላ ስዞር ጠፋ። ነጩ ግን አልመጣም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ ሄድኩ፣ ጨለማ ነው። በአራተኛው ነጩ ብቅ አለ።

መብራቱ የተቀመጠበትን ጉድጓድ የክንፉ ጫፍ ፋይበርግላስ ላይ በራሱ እጅ ነው የቆረጠው፣ የኋላው ጠርዝ ጣት ያህል ወጣ ብሎ ነጩን ጋርዶታል። የቀኙን ነጭ ደግሞ የአውሮፕላኑ ገላ ከለለው። ሦስት እርምጃ ምን አላት ትሉ ይሆናል። አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ግን 100 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጨለማ ነው።

ሌላም ነገር አገኘን። የምድርን ማግኔት ለኮምፓሱ የሚያነበው ማግኔቶሜትር እዚያው ክንፍ ጫፍ አጠገብ ነው የተሰቀለው። ቆመን የማረፊያ መብራቱን ስናበራ ስክሪኑ ላይ ያለው አቅጣጫ ከ270 ወደ 281 ዘለለ! አውሮፕላኑ ንቅንቅ አላለም። ሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ከረንት የራሱን ማግኔት ስለሚፈጥር ነው። የመመለሻውን ሽቦ በክንፉ ብረት ላይ ከማሰር ከመሄጃው ጋር ጠምዝዘህ መመለስ፣ ካልሆነ ማግኔቶሜትሩን ማራቅ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ማታ ማንም መጥቶ ስለማያይልህ ነው። ኤክስፐርመንታል በሚባለው፣ ሰው ለራሱ በሚሠራው አውሮፕላን ምድብ ከግማሽ በላይ ሥራውን ራስህ ከሠራህ አውሮፕላኑ የአንተ ነው፣ የጥገና ፈቃዱን ካወጣህ ዓመታዊ ምርመራውን እንኳ ራስህ ትፈርማለህ። ይህን ነፃነት እወደዋለሁ፤ በብዙ አገር የለም። ከመጀመሪያው በረራ በፊት መርማሪ ያየዋል፣ ግን ብዙ ጊዜ በቀን ብርሃን ነው፣ ከዚያ ወዲህ የቀየርካትን መብራት ደግሞ ማን ያውቅብሃል? ከፀሐይ መግቢያ እስከ መውጫ እነዚህ መብራቶች መብራት አለባቸው ይላል ሕጉ፣ በጨለማ ዙሮ የሚያይልህ ሰው ግን አይልክልህም።

ጓደኛዬ ጠርዙን ሞርዶ አስተካከለው፣ ሽቦውንም ጠመዘዘው። ባለፈው ቅዳሜ ማታ እኔ ማብሪያው ጋ ቁጭ አልኩ። የዞረው እሱ ነው። ከጨለማው ውስጥ ድምፁ ይሰማኛል፦ "ቀይ... ቀይ... አሁንም ቀይ... ነጭ!"