ልጁን አረቄ ቤት የላከው ማን ነው?

ስለ ታዳጊዎች መጠጥ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ወቃሹ ወላጅ፣ ተወቃሹ ተማሪ ነው። በሰሜን ሸዋ ከተሞች የሚካሄደው የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረት ስብሰባም ከዚህ አይለይም። «የዘንድሮ ልጅ አስቸገረን» ይባላል፣ አንድ ቄስ ተነስተው ይመክራሉ፣ ተመርቆ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። እኔ ግን ወቀሳው ያለ ቦታው ነው ባይ ነኝ።

ሕጉ ግልጽ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። የመጠጥ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ያወረደውም ይኸው አዋጅ ነው። ማስታወቂያው መውረዱን ሁሉም አይቷል፤ የዕድሜው ነገር ግን በደብረ ብርሃንም ሆነ በመንዟ ከተማ በመሐል ሜዳ ከአረቄ ቤቱ ደጃፍ አልደረሰም። የቢራ ፋብሪካዎች ባሉባት ደብረ ብርሃን ጣት የሚቀሰረው ወደ ቢራው ነው። የተማሪ ኪስ ግን ቢራን ደጋግሞ አይችልም። የሚችለው መለኪያ አረቄ ነው፤ ጉልበቱም ከቢራው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

አመሻሽ ላይ በየሰፈሩ የሚታይ ነገር አለ። አንድ ትንሽ ልጅ ባዶ የውኃ ጠርሙስ በብብቱ ይዞ ይሮጣል፤ አባቱ ልከውት ነው። ሻጯ የማን ልጅ እንደሆነ ስለምታውቅ ሳትጠይቅ ትቀዳለታለች፣ ገንዘብ ካልያዘም በዱቤ ትጽፈዋለች። ልጁ መንገድ ላይ ክዳኑን ከፍቶ ቢቀምስ ምን ይገርማል? ያው ልጅ አሥራ ስድስት ሲሞላው ለራሱ ሊገዛ ቢመጣስ በየትኛው አፏ ትከለክለዋለች? (በየድግሱ ለልጅ የሚሰጠውን ቅራሪ ለጊዜው ተውት፤ በእርሱ ሌላ ቀን እንጣላለን።)

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ተከራዩ ተማሪ ነው። ከመንዝና ከመርሐቤቴ ገጠሮች ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ወደ ወረዳ ከተማ የሚመጡ ልጆች ሦስትም አራትም ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ቤተሰብ በገበያ ቀን እንጀራና ሽሮ አምጥቶ፣ ጤንነታቸውን ጠይቆ ሳይመሽበት ይመለሳል። ርካሹ ክፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከጠላና ከአረቄ ቤት ጓሮ ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ በሩ የጋራ፤ ልጁ መጽሐፉን ገልጦ የጠጪዎቹን ጨዋታ ሲያዳምጥ ያመሻል። በዚያ ላይ የመንዝ ብርድ አለ፤ «አንዲት ለብርድ» የሚል አይጠፋም። ትምህርት በግጭት ምክንያት በተቋረጠባቸው ጊዜያት ደግሞ መጽሐፉም አልነበረም።

በሌሊት ይህን ልጅ የምታይ ብቸኛ ትልቅ ሰው አከራይቱ ናት። ክፉ ሴት አይደለችም። እንደ እርሷ ያሉ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ያሳደጉትና ያስተማሩት በጌሾና በብቅል ነው። ስለዚህ ደንብ አስከባሪ ልኮ እንስራ ማስደፋት አይታየኝም፤ ያን ያደረገ ሰው በማግስቱ ሌላ መተዳደሪያ አያመጣላትም።

ዕድር ግን የተሻለ መንገድ አለው። ደንብ አለው፣ ቅጣት አለው፤ ከቀብር የቀረን ሰው እንኳን ይቀጣል። ለተማሪ የሸጠ አባል ይቀጣል የሚል አንድ አንቀጽ መጨመር ምን ያህል ይከብዳል? ልጁን ጠርሙስ አስይዞ የላከ አባትም በዚያው አንቀጽ ይቀጣ። ይህ ሁለተኛው ሲነሳ ቤቱ ዝም እንደሚል አውቃለሁ፤ የመጀመሪያው ግን ያለ እርሱ ግፍ ይሆናል፣ ድሃዋን ሻጭ ብቻ ይዞ የሚቀር ቅጣት ነውና።

ስንቅ የሚያደርስ ወላጅም ልጁ የሚያድርበትን ጓሮ ገብቶ ይየው። ለአከራይቱ የስልክ ቁጥሩን ሰጥቶ «አምሽቶ ከገባ ደውዪልኝ፣ እንደ ልጅሽ እይው» ቢላት፣ አደራ ተቀብላ የምትበላ ሴት በእኛ አገር ጥቂት ናት። ትምህርት ቤቱም በሚቀጥለው ስብሰባ አከራዮቹን ይጥራ። እስካሁን ሲጠሩ አላየሁም።