ማስተካከያ፦ ማክጎቨርንን የጣለው ምክትሉ ብቻ አይደለም

ባለፈው ጽሑፍ «ዴሞክራቱ ጆርጅ ማክጎቨርን እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ ምርጫ የተሸነፈው በምክትል እጩው ምክንያት ነው» የሚል አለ። እንዲህ ይስተካከል።

ምክትል እጩው፣ የሚዙሪ ግዛት ሴናተር ቶማስ ኢግልተን፣ ድብርት ይዞት ሆስፒታል ተኝቶ፣ በኤሌክትሪክ ንዝረት ጭምር መታከሙ ይፋ የወጣው ከታጨ በኋላ ነው። ማክጎቨርን «1000 በመቶ ከጎኑ ነኝ» አለ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ሸኘው። እጩነቱ የቆየው 18 ቀን ብቻ ነው። በምትኩ የሰላም ጓድ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሳርጀንት ሽራይቨር ገባ። እውነቱን ለመናገር፣ ከሕመሙ ይልቅ ማክጎቨርንን ያስገመተው ቃሉን ማጠፉ ነው።

ያም ሆኖ ተፎካካሪው ሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ቀድሞውኑ በሰፊው ይመራ ነበር፤ 49 ግዛቶችን ጠቅልሎ ወሰደ። ይህን ሁሉ በምክትሉ ማላከክ አያስኬድም። በነገራችን ላይ የሚዙሪ ሕዝብ ኢግልተንን በ1974 እና በ1980 መልሶ ለሴኔት መርጦታል።