እድራችን ልጁ እስኪሞት አይጠብቅ

ወገኖቼ፣ ልጅ ሲሞት ምን እንደሚደረግ እናውቅበታለን። ድንኳኑ ወዲያው ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ እድሩ ብሩን ቆጥሮ ይሰጣል። ያው ልጅ በካንሰር ታሞ ጥቁር አንበሳ ሲተኛ ግን የት ነበርን? አንድ ቀን ብርቱካን ይዘን ሄድን፣ "እግዚአብሔር ይማረው" አልን፣ በዚያው ጠፋን።

የልጅ ካንሰር የአንድ ሰሞን ሕመም አይደለም። ልጆችን በብዛት የሚይዘው የደም ካንሰር ሕክምናው ከ2 እስከ 3 ዓመት ይፈጃል። ከክፍለ ሀገር የመጣች እናት ይህን ሁሉ ጊዜ በቀጠሮ ትመላለሳለች። መሳፈሪያ አለ፣ ማደሪያ አለ፣ ምግብ አለ። ቤት የቀሩትን ልጆችስ ማን ያበላል? በመጀመሪያዎቹ ወራት በሬው ይሸጣል። ከዚያ ልጁ ይሻለዋል፣ ይስቃል፣ ይጫወታል። አፋችንን የምንከፍተው ይሄኔ ነው። "ድኗል እኮ፣ ምን ታንከራትቺዋለሽ?" እንላለን። ወይም "ካንሰር መቼም አይድንም፣ ያላችሁን አትጨርሱ።" እንዲህ ያለ ምክር ልጅ ይገድላል። ሕክምናው በመሃል ከተቋረጠ በሽታው ያገረሻል፤ ያን ጊዜ ማዳኑ በጣም ይከብዳል። ጠበሉም ጸሎቱም መልካም ነው፤ ቀጠሮውን ግን አያስቀሩ።

ደግሞ አይድንም ያለው ማነው? በሀብታም አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ። በብዙ ድሃ አገሮች ግን ከ30 በመቶ በታች ናቸው። በሽታው ዘግይቶ ይታወቃል፣ መድኃኒት ይጠፋል፣ ሕክምና ይቋረጣል። መድኃኒቱን እኔና እናንተ አናመጣው ይሆናል። መሳፈሪያው ግን አያቅተንም። እድሮቻችን ለቀብር የሚያወጡትን ደንብ ለሕክምናም ያውጡ፤ ልጁን የሚያሳክም አባል ሕክምናው እስኪያልቅ በየወሩ ይደገፍ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ያቋቋሙት ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ናቸው። እነሱ ከሐዘናቸው ተነስተው የሰው ልጅ ሲረዱ፣ ልጆቻችን ጤነኛ የሆኑልን እኛ እጃችንን አጣጥፈን መቀመጣችን ያሳፍራል።

ደምም ስጡ። በሕክምናው ምክንያት ብዙ ልጆች ፕላትሌት፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል፣ ያጥራቸዋል። ፕላትሌት ደግሞ ከ5 ቀን በላይ አይቀመጥም፤ ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረግ ዘመቻ አይበቃም። ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ መስጠት ይችላል።

ልትጠይቁ ስትሄዱ አስቀድማችሁ ደውሉ። መድኃኒቱ የልጁን በሽታ የመከላከል አቅም ያዳክመዋል፤ ለእኛ ተራ የሆነ ጉንፋን እሱን አልጋ ላይ ሊጥለው ይችላል። ካሳላችሁ ቅሩ፣ ስትሄዱም አትሳሙት። እናቱን ሻወር እንድትወስድና ትንሽ እንድትተኛ ተክታችሁ ብትቀመጡላት ከብርቱካኑ ይበልጣል።

ሕክምናው ሲያልቅም ቤተሰቡን ገና ብዙ ነገር ይጠብቀዋል። እዳ አለ፣ ክትትል አለ፣ ትምህርት ቤት አለ። ፀጉሩ ገና ያልበቀለ ልጅ ክፍል ሲገባ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ካንሰር አይተላለፍም። ልጃችሁን ከጎኑ ያስነሳችሁ ወላጆች፣ መልሳችሁ አስቀምጡት። መምህራንም ለክትትል ሐኪም ቤት የሚውልበትን ቀን እንደ ቀሪ አትቁጠሩበት፤ ያመለጠውን ፈተና በሌላ ቀን ፈትኑት።