ኪቶ ይበርዳል ወይስ ሰበታ?

«ምድር ወገብ ላይ ቤት ሠርቶ ብርድ ፈጀኝ የሚል ሰው ሲዋሽ ነው!» አለ ሾፌሩ፤ ክርክሩ የተነሳው ከዚህ ነው። ጊዜው ነሐሴ ነው፣ እሁድ ከሰዓት። ሰበታ ውስጥ ከዋናው አስፋልት ገባ ብላ ባለች ቡና ቤት ዝናቡ እስኪያባራ ተጠልለናል። ሾፌሩ ጽጌረዳ ከእርሻ ወደ ቦሌ ካርጎ የሚያመላልስ ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ይነዳል። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ግሪን ሃውስ ውስጥ ሱፐርቫይዘር ናት። ምድር ወገብ የሚያልፍባትን የደቡብ አሜሪካ አገር፣ ኢኳዶርን፣ ያነሳችውም እሷ ናት፦ የውጭ ገዢዎች ሁልጊዜ የሚያወዳድሩን ከእነሱ ጋር ነው፣ የኢኳዶር ጽጌረዳ ዘንጉ አንድ ሜትር ያልፋል፣ ራሱም ቡጢ ያህላል፣ ይህም የሆነው አገሩ ብርድ ስለሆነ ነው አለች።

ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ስማ ልጄ፣ የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ ከምድር ወገብ የምትርቀው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። ግን የተቆረቆረችው 2850 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እኛ እዚህ ከ2300 ብዙም አናልፍም። ሽቅብ ሺህ ሜትር በወጣህ ቁጥር ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ኪቶ ከሰበታ ይበርዳል።»

«እኛ እኮ ከምድር ወገብ ዘጠኝ ዲግሪ ወደ ሰሜን ነን። መብረድ ካለበት የእኛ ነው መብረድ ያለበት።»

«ዘጠኝ ዲግሪ ምንም አይደለም። በጅቡቲ መስመር ስትሠራ አዋሽ ሰባት ስትደርስ ምን ታደርጋለህ?»

ሾፌሩ ሳቀ። ሞጆ ላይ ጃኬቱን እንደሚያወልቅ፣ መተሐራን ሲያልፍ መስኮት እንደሚከፍት፣ አዋሽ ሰባት ሲደርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ እንደሚጣበቅ ራሱ ነገረን። በአንድ ቀን፣ በአንድ ፀሐይ ሥር። ከዚያ በኋላ በብርዱ ጉዳይ አልተከራከረም። መምህሩ ግን በአንድ ድል አልረኩም፤ ሁለቱ አገሮች መንታ ናቸው ወደሚል ተሻገሩ። የኪቶ ተራሮች እንደ እንጦጦ ባሕር ዛፍ የለበሱ ናቸው አሉ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በፕሬዚዳንት ጋርሲያ ሞሬኖ ዘመን፣ እዚህ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ በምኒልክ ዘመን የገባ ነው፤ ሁለቱም የመጡት ከአውስትራሊያ ነው። ድንቹ ከአንዲስ ተራሮች ተነስቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሺምፐር በሚባል ጀርመናዊ እጅ እኛ ጋ ደረሰ፣ የእኛ ቡና ደግሞ ባሕር ተሻግሮ እነሱ ማሳ ላይ በቀለ። ቆላው፣ ወይና ደጋው፣ ደጋው፣ ውርጩ፣ ሁሉም እዚያ አለ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ» አለች ልጅቷ፣ «መንታ ከሆንንማ ይሄ ምንድን ነው?» ከቦርሳዋ በፌስታል የተጠቀለለ እንቡጥ አወጣች። ከኤክስፖርት ተመልሶ የተጣለ ነው። ላዩ ምንም አይልም፤ የውጪውን ቅጠል በጥፍሯ ስትገልጠው ግን ከሥሩ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቡናማ ነጠብጣብ ተደርድሯል። ቦትሪቲስ ነው፣ ግራጫው ሻጋታ። እሷ እንዳለችው በሐምሌና በነሐሴ ከግሪን ሃውሱ ፕላስቲክ ውስጥ እርጥበቱ አይወጣም፣ ሰማዩ ተዘግቶ ይውላል፣ እንቡጡ ብርሃን አጥቶ ይዘገያል፣ ሻጋታው ያኔ ይገባል። ካያምቤ የሚባለው የኢኳዶር የአበባ አገር ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋ ነው፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ነው፤ የእኛ ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ አንድ ሰዓት ያህል ይለዋወጣል። ግን እኔን የሚጎዳኝ የሰዓቱ ልዩነት አይደለም አለች፣ ደመናው ነው። ዝዋይ 1600 ሜትር ላይ ስለሆነ አበባው ቶሎ ይደርሳል፣ ቁጥሩም ይበዛል፣ ራሱ ግን ትንሽ ነው። ሆለታና ሰበታ ይዘገያል፣ ራሱም ይተልቃል። ከፍታውን እኛም አግኝተነዋል፤ ያላገኘነው የእነሱን ሰማይ ነው።

እስካሁን አንድ ቃል ያልተናገሩ ሰው ነበሩ፣ ከከተማው ጫፍ ጤፍና ሽምብራ የሚያርሱ አዛውንት። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና «ዝናባቸው መቼ ነው የሚጥለው?» አሉ።

መምህሩ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው አሉ። አሁን፣ እኛ ነሐሴ ስንል፣ ኪቶ ደረቅና ነፋሻ ነው።

«ከተራራቸው ወደ ፀሐይ መውጫ ሲወርዱስ? እንደ እኛ በረሃ ነው?»

«የለም አባባ፣ ጫካ ነው። አማዞን ነው።»

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታዲያ ምኑ ነው መንታ? ደመናው ከየት እንደሚመጣ ሳትጠይቁ ብርድ ስትለኩ ዋላችሁ።»

እኔ ከሁሉም በላይ ልክ የሆነው የእሳቸው ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። ሁለቱም አገሮች በመሃል ከፍ ያለ ደጋ፣ በሁለት ጎን ቆላ አላቸው፤ ግን የሚረጥበው ጎን የተገላቢጦሽ ነው። ኢኳዶር ላይ ነፋሱ ከአትላንቲክ ተነስቶ በአማዞን ጫካ ላይ እርጥበቱን እየጨመረ መጥቶ የአንዲስን ምሥራቃዊ ፊት ይመታል፣ እዚያው ያራግፋል። የእኛ የክረምት ነፋስ በአብዛኛው ከደቡብ ምዕራብ፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤና ከኮንጎ በኩል ይገባል። ኢሉባቦርና ከፋ ቀድመው ይቀበሉታል፣ ዘግይተውም ይለቁታል። ኦጋዴን ሲደርስ የቀረው ጥቂት ነው፤ በሕንድ ውቅያኖስ በኩል ያለው የክረምት ነፋስም የሶማሊያን ዳርቻ ይዞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይነጉዳል እንጂ ቆላው ላይ ቆሞ አያዘንብም።

የመሬቱም አሠራር መንታነቱን አያጸናም። አንዲስ የተነሳው የናዝካ ሰሌዳ የሚባለው የውቅያኖሱ የምድር ቅርፊት ቁራጭ ከደቡብ አሜሪካ ሥር እየገባ ስለሚገፋው ነው። ስለዚህ ጠባብ ነው፣ ቁልቁለቱ ስለታም ነው፣ ቺምቦራዞ ከ6200 ሜትር በላይ ወጥቶ በምድር ወገብ አጠገብ በረዶ ተሸክሟል። የእኛ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተነጠፈ ሰፊ አምባ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስምጥ ሸለቆው ለሁለት እየሰነጠቀው ይገኛል። ራስ ዳሸን ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ በረዶ የለም፣ ዳሎል ደግሞ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሏል።

አንድ ነገር ግን ሁለቱን ያስተሳስራል፣ እሱም ኤልኒኞ ነው። የፓስፊክ ውቅያኖስ ከኢኳዶር ዳርቻ ጀምሮ ሲሞቅ የእነሱ ጠረፍ በጎርፍ ይጠፋል፣ የእኛ ክረምት ይሳሳል። እ.ኤ.አ. በ1997 የተነሳው እንዲሁ ነበር። አዛውንቱ ያንን ዓመት ስሙን ሳያውቁ ያውቁታል፤ ክረምቱ ቀርቶ በእኛ አቆጣጠር የ90 ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ጤፉ ታጭዶ ሜዳ ላይ እያለ፣ ዝናቡ ወረደበት አሉ። የእ.ኤ.አ. 2015ቱ ድርቅም ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ፈላጊ አድርጓል።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። በቴርሞሜትር ከሆነ መምህሩ ልክ ናቸው፤ በብርሃን ከሆነ ልጅቷ ልክ ናት። ኢኳዶርን ልቀናባት ካለብኝ ግን በጽጌረዳዋ ርዝመት አልቀናም። የምቀናው በፓራሞው ነው። ይህ ከእርሻው በላይ ያለ ሣራማ ውርጭ አገር ነው፤ ጥቁር አፈሩ ዝናቡንና ጉሙን ጠጥቶ ይይዝና በደረቁ ወር ቀስ አድርጎ ይለቀዋል። ኪቶ የምትጠጣውን ውኃ አብዛኛውን ከዚያ ታገኛለች። ይህንን ስላወቀች እ.ኤ.አ. በ2000 የውኃ ድርጅቷ ገንዘብ የሚያዋጣበት ፈንድ አቋቁማ ተራራዋን ታስጠብቃለች።

የእኛ ዝናብ ደግሞ በብዛት የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ብቻ ነው፤ ጽጌረዳ ግን ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ውኃ ይፈልጋል። ስለዚህ ውኃ የሚይዝ ተራራ ከእነሱ ይልቅ ለእኛ ያስፈልገናል፣ እሱም ከዚህችው ቡና ቤት በር ላይ ሆኖ ይታያል፦ ወጨጫ። ከላዩ የሚወርዱት ጅረቶች አዋሽ ይገባሉ። በምዕራብ ጎኑ የመናገሻ ሱባ የጥድ ደን አሁንም ቆሟል፣ በዚህኛው ጎን ግን ማሳውና ቤቱ እየወጣ ነው። ይህን ስናገር ሾፌሩ «ማን ይክፈለው?» አለኝ። ውኃውን የሚጠቀሙት ይክፈሉት፣ የአበባ እርሻውም፣ ፋብሪካውም፣ ከተማውም፣ ቧንቧ ያለን እኛም ጭምር። ልጅቷ እርሻዎቹ ለማዳበሪያና ለካርጎ ከሚያወጡት አንጻር ይህ ከባድ አይደለም አለች፤ አዛውንቱ ግን ገንዘቡ ላይኛው መንደር ላሉት ገበሬዎች ካልደረሰ ዛፉን ማንም አይጠብቀውም አሉ። በዚህም ከእሳቸው ጋር ነኝ፤ ቁልቁለቱን ከማረስ የሚከለከል ሰው የሚያጣውን እህል የሚተካ ነገር በእጁ ሊገባ ይገባል።