ሐይቁን የሚያጸዳው ጥራዝ

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ባሕር ዳር ላይ ግን ጥሩውን ውሃ ለማግኘት ምንጭ ፍለጋ መውጣት ቀርቷል፤ መዝገብ ቤት መግባት ይበቃል። እዚያ መደርደሪያ ላይ በስፒራል የታሰረ፣ ፊቱ በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ ሰማያዊ ማኅተም ያረፈበት ጥራዝ ታገኛላችሁ። “የአካባቢና ማኅበራዊ ተጽዕኖ ግምገማ ሪፖርት” ይላል። በዚህ ጥራዝ ውስጥ ያለው ጣና እንከን የለውም። አሳው ይራባል፣ ደንገሉ ይወዛወዛል፣ ፍሳሹም “በአግባቡ ይወገዳል”። ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ጣና ለጊዜው እንተወው። የዛሬው ጽሑፍ ምስጋና ነው፤ ሕጉንም ሳያስቀይሙ፣ ሐይቁንም ሳይምሩ ለሚያድሩት ጥራዝ ጠራዦቻችን።

ሕጉ መቼም አልሰነፈም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ተናግሮ ጨርሷል። በ1995 የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ደግሞ፣ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ሳይፈቀድለት ሥራ እንዳይጀምር፣ የንግድ ወይም የኢንቨስትመንት ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትም ይህንን አስቀድሞ እንዲያረጋግጥ ያዛል። የኛ ሰው አዋጁን ያነበበው ከግርጌው ወደ ራስጌው ነው። መጀመሪያ የሐይቅ ዳሩ ሆቴል መሠረት ይቆፈራል። ኮለኑ ይቆማል፣ ሶሌታው ይሞላል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደረስ ባንኩ ለብድሩ “የአካባቢዋ ወረቀትስ?” ይላል። አማካሪው የሚጠራው ያኔ ነው። እሱም “ፕሮጀክቱ ባይሠራስ” የሚለውን አማራጭ፣ ሊመረቅ ሪባን የተገዛለት ሕንፃ ሥር ቆሞ፣ በፍጹም ገለልተኝነት ይተነትነዋል። ባይሠራ ኖሮ እንዴት ያሳዝን እንደነበረም በሁለት ገጽ ያስረዳል።

ቅጣት የለም እንዳትሉ። ሳይፈቀድለት የጀመረ፣ ወይም በሪፖርቱ የሐሰት መረጃ ያቀረበ ሰው ከ50,000 እስከ 100,000 ብር እንዲቀጣ አዋጁ ደንግጓል። በ1995 ይህ ገንዘብ ያስደነግጥ ነበር። ዛሬ የአዳራሹን መጋረጃ አያሰፋም። ጤፍ፣ ሲሚንቶ፣ የቤት ኪራይ እንዲያ ሲጋልቡ፣ ዋጋ ሳይጨምር የኖረ ዕቃ በከተማችን ቢፈለግ የሚገኘው ይኸው ቅጣት ነው።

ወደ ጥበቡ እንግባ። ሙያውን ከመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው ግምገማ ሲባል ልየታ፣ የጥናት ወሰን መወሰን፣ በክረምትና በበጋ ናሙና መውሰድ፣ አሳ አስጋሪውንና ታንኳ ቀዛፊውን መጠየቅ ይመስለዋል። ይህ ሁለት ወቅት፣ ጀልባና የላቦራቶሪ ገንዘብ ይፈልጋል። የኛ ባለሙያ ግን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ይጨርሰዋል። የሚያስፈልገው ከዚህ ቀደም የጸደቀ የሌላ ከተማ ጥራዝና “ፈልግና ተካ” የምትባለዋ የኮምፒውተር ትእዛዝ ናት። “ሐዋሳ” ትፈለጋለች፣ በ“ባሕር ዳር” ትተካለች። ትእዛዟ ታማኝ ናት፤ ችግሩ ፊደላችን ነው። በሐመሩ ሐ የተጻፈችውን ሐዋሳ ስታድን፣ በሃሌታው ሀ የተጻፈችው “ሀዋሳ” ገጽ 23 ላይ ተደብቃ ታመልጣለች። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚሉ ሰዎች ለካ ወደው አይደለም።

ገጽ 23 ላይ የቀረው ስሟ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። “ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም” የሚል ዐረፍተ ነገር አብሯት ይቀራል። ለሐዋሳ እውነት ነው። ለጣና ሲሆን ግን አባይ ይህን ሳይሰማ አልቀረም፤ ሆኖም በደብረ ማርያም በኩል መውጣቱን አላቆመም። መውጫው ላይ ውሃውን የሚቆጣጠሩት የጨረጨራ በሮችም፣ ወደ በለስ ወንዝ የተጠለፈው ውሃም፣ ጢስ ዓባይም ሪፖርቱን አላነበቡም። ነገሩ ለሳቅ ብቻ አይደለም። መውጫ ያለው ሐይቅ ከተቀበለው ለታችኛው ያወርሳል፤ ስለዚህ ጥናቱ ከሆቴሉ አጥር አልፎ፣ ከወንዙ የሚቀዳውን ገበሬ መቁጠር ነበረበት። አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ያሉት አበው ከዚህ ዘመን ባይደርሱ ነው እንጂ፣ ዛሬ ይዞት የሚዞረው ፌስታልና ባዶ ሃይላንድ ነው። (ስለ ፌስታል ካነሣን፦ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነው እንዳይመረት፣ እንዳይገባም በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ከልክሎ ነበር። ባለሱቁ ማይክሮ ሜትር ስላልነበረው ሳይለካ ሲሰጥ ኖረ፤ በ2017 ደግሞ ሌላ አዋጅ መጣ።)

የጥራዙ ልብ ያለው ግን በሰንጠረዡ ነው። አራት ዓምድ አለው፦ ተጽዕኖ፣ መፍትሔ፣ ኃላፊ፣ በጀት። በ“ኃላፊ” ሥር ከላይ እስከ ታች “የሚመለከተው አካል” ይላል። ይህን አካል እስካሁን ያየው የለም፤ ነገር ግን ከእሱ በላይ ሥራ የተጫነበት ፍጥረት በአገራችን የለም። ፍሳሹን ይቆጣጠራል፣ ዛፍ ይተክላል፣ ግንዛቤ ይፈጥራል፣ ደመወዝ ጠይቆ አያውቅም። በ“በጀት” ሥር ደግሞ “በፕሮጀክቱ ይሸፈናል” ተብሎ ይታለፋል። ለአየር ንብረት ለውጥም አንድ አንቀጽ አይጠፋም። አገሪቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ባሻሻለችው ቃል፣ ልቀቷን በ2030 እ.ኤ.አ. ምንም ባይደረግ ይደርሳል ከተባለው በ68.8 በመቶ ዝቅ ለማድረግ ተስማምታለች፤ ጥራዙም ይህን ቁጥር በትልቁ ያሰፍርና የባለሀብቱን ድርሻ ይነግረናል፦ በዳርቻው ያለውን ደንገል አጭዶ፣ በቦታው ዘንባባ መትከል። ደንገሉ ሥሩ ሥር ያከማቸው የበሰበሰ ጭቃ ካርቦን እንደሆነ፣ ሲደርቅም ወደ አየር እንደሚወጣ ለዘንባባው አልተነገረውም።

የሕዝብ ምክክርም ይደረጋል፣ ማን ይቀራል! አዋጁ ሪፖርቱ ለሕዝብ ይገለጥ፣ አስተያየትም ይሰብሰብበት ይላል። ማስታወቂያው በሮብ ይለጠፋል፣ ስብሰባው በሐሙስ ነው። የስም መቆጣጠሪያው ከአጀንዳው በፊት ይዞራል፤ የፈረመ ሰው ሁሉ በቃለ ጉባኤው ላይ “በሙሉ ድምፅ ደግፏል”። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው “ልጆቼ፣ ፍሳሹ ወዴት ሊሄድ ነው?” ቢሉ፣ መልሱ “አባቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሻይ ሰዓት ላይ እንመለስበታለን” ነው። ሻዩ ይመጣል።

እኛ ግን እንመለስበት። ሴፕቲክ ታንክ ሁለት ክፍል አለው፤ የመጀመሪያው ከአጠቃላዩ ሁለት ሦስተኛውን ይይዛል፣ ጠጣሩ እዚያ ይዘቅጣል፣ ውሃው ወደ ሁለተኛው ይሻገራል፣ ከዚያም ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ። አፈሩ የሚያጣራው በማስረጊያው ወለልና በከርሰ ምድር ውሃው መካከል ቢያንስ ሜትር ተኩል፣ ሁለት ሜትር ደረቅ አፈር ሲኖር ነው። ጣና ዳር ይህ ደረቅ አፈር የለም። በሐምሌ ሁለት ሜትር የቆፈረ ሰው ጉድጓዱን ሳይሆን የሐይቁን ጓሮ ነው የከፈተው። ማስረጊያው ከታች ወደ ላይ ይሞላል፤ ሊያስወጣ የተቆፈረው ራሱ ይቀበላል። በዚህ ጊዜ መፍትሔው ታንኩን ማስመጠጥ፣ ውሃ የማያሳልፍ ማድረግ፣ ወይም የማጣሪያ ጣቢያ መሥራት ነበር። ጥበበኞቻችን ግን ከሁለተኛው ክፍል አናት ላይ አንዲት ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ ያወጣሉ። በንድፉ ላይ “ለአደጋ ጊዜ ማስተንፈሻ” ትባላለች። አደጋውም በየምሽቱ ከአምስት ሰዓት በኋላ፣ እንግዶች ሲተኙ ይደርሳል። ቱቦዋ በሣሩ ሥር ሄዳ ከድንጋይ ካቡ መካከል ብቅ ትላለች፤ አፏ ዙሪያ ያለው ድንጋይ ከሌላው ይልቅ አረንጓዴና ለስላሳ ነው። ልምላሜ እንዴት ይነቀፋል? ከማእድ ቤት የሚወጣውን ቅባት የሚያስቀረው ሳጥንም በንድፉ ላይ አለ፤ የቀረው መሥራቱ ብቻ ነው። ለነገሩ ታንኩ በደንብ ቢሠራም እንኳ ናይትሮጅንና ፎስፈረሱን አብዛኛውን ያሳልፈዋል። እምቦጭ የሚባለው የሐይቁ አረም የሚበላው ደግሞ እሱኑ ነው።

ተቆጣጣሪ ይመጣል። የብክለት ቁጥጥር አዋጁ፣ ቁጥር 300/1995፣ ለአካባቢ ተቆጣጣሪ የሚያስቀና ሥልጣን ሰጥቶታል፦ ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ይገባል፣ ይጠይቃል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ናሙናም በነጻ ይወስዳል። እኛ ግን ጨዋ ሕዝብ ነን፤ ሰው ቤት ሳይነግሩ አይገባም። ስለዚህ አስቀድሞ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ደብዳቤው እንዳይዘገይ ስልክ ይደወላል። በዕለቱ ፓምፑ ያርፋል፣ ታንኩ ዋዜማውን ተመጥጧል፣ ቧንቧው ለሰዓታት ተከፍቶ አድሯል። ናሙናው የሚቀዳው ከቱቦዋ አፍ ሳይሆን ከጀልባ ማቆሚያው ጫፍ፣ ሐይቁ ከሚያቀጥነው ቦታ ነው። የተቀዳበትም ዕቃ ጠዋት የተጠጣ ሃይላንድ ነው። ናሙና በአራት ዲግሪ ቀዝቅዞ በቶሎ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት፤ ይህኛው ግን በመኪናው የኋላ መስኮት ሥር ፀሐይ እየሞቀ፣ ከአሳ ለብለብ ግብዣው ጋር ሦስት ሰዓት ይቆያል። ባክቴሪያው በመንገድ ላይ ከሚበሰብሰው ቆሻሻ የተወሰነውን ይበላና፣ የቀረውን የሚለካው፣ 20 ዲግሪ ላይ አምስት ቀን የሚፈጀው ምርመራ ሲወጣ “ከተፈቀደው መጠን በታች” ይላል። መብራት ከጠፋ ደግሞ አምስቱ ቀን እንደገና ከአንድ ይጀምራል፣ ወይም በግምት ይሞላል። ውጤቱ በጥራዙ ላይ አባሪ ሦስት ሆኖ ይታሰራል።

ርቀት መለካትም ጥበብ ነው። ጣና በሰኔ መግቢያ ላይ ከሁሉ ይጎድላል፣ በመስከረም ይሞላል። “ከሐይቁ ጠርዝ ይህን ያህል ሜትር” ለሚል መመሪያ ሜትሩ የሚዘረጋው በግንቦት መጨረሻ ነው፤ ጠርዙ እስከ ጭቃው ሸሽቶ ሲገኝ። ከዚያ ገረጋንቲው በሌሊት ይራገፋል። ገረጋንቲው ላይ ሣር፣ ሣሩ ላይ ወንበር፣ በወንበሩ ዙሪያ አጥር። ከሁለት ዓመት በኋላ “ነባር ይዞታ” ነው። በመስከረም ሐይቁ ወደ ቤቱ ሲመለስ ባለ አጥሩ “ጣና ወረረን” ብሎ ያመለክታል፤ ሐይቁን የሚከስስ ጥራዝም ይዘጋጅለታል።

እምቦጩን ማን አመጣው ስትሉ ግን ጥራዙ በድንገት ሳይንቲስት ይሆናል። “ዋናው ምንጭ ከርብ፣ ከጉማራና ከመገጭ የሚወርደው የእርሻ አፈርና ማዳበሪያ ነው” ይላል። እውነት ነው፤ አረሙ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ የበረታውም ያለ ምክንያት አይደለም። አማካሪው በመላ ጥራዙ ለአንድ ጊዜ እውነት የሚናገረው እዚህ ላይ ስለሆነ ገጹን አጥፌ ብይዝለት አይፈረድብኝም። ስለዚህ ጥፋቱ የገበሬው ብቻ ሆኖ፣ ባለ ሆቴሉ ቱቦዋን ይዞ ይቀራል። ለዘመቻው ቲሸርት ይሰጣል። አረሙ ይጎተታል፣ ይቆለላል፣ ፎቶ ይነሣል። የሚቆለለው እዚያው ዳር ነው። ክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ የሆነን ነገር አርቆ መጫን ማን ይደፍራል? ክረምት ሲገባ ሐይቁ እጁን ይዘረጋና ክምሩን መልሶ ይወስዳል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል። ለሚመጣው ዓመትም የቲሸርቱ ቀለም ብቻ ይቀየራል።

አንዲት ነገር ጠራዦቹን ታስፈራቸዋለች፣ በጥራዙም አትጠቀስም። የአዋጅ 300 አንቀጽ 11፣ ማንም ሰው “የኔ ጥቅም ተነክቷል” ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ሰው ላይ ለአካባቢ ባለሥልጣኑ አቤት ማለት ይችላል ይላል። ባለሥልጣኑ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። “ምን አገባህ?” የሚለው ጥንታዊ ክርክራችን በዚህ አንቀጽ ፊት አይሠራም። ደግነቱ አንቀጹን የሚያነብ የለም። ማመልከቻ የሚጽፍ ቢገኝም፣ ቱቦዋ በስንት ሰዓት እንደምትፈስስ በቀን መዝግቦ፣ ከአፏ ላይ ፎቶ አንሥቶ፣ የገቢ ቁጥር ተቀብሎ፣ 30 ቀኑን ከዚያች ቁጥር ጀምሮ የሚቆጥር ሰው ብርቅ ነው። አብዛኛው በቃል ተናግሮ “ነግሬያቸዋለሁ” ብሎ ይሄዳል፤ በቃል ለተነገረ ነገር ደግሞ ቀን አይቆጠርም።

እስከዚያው ሥራ አይቆምም። በዘጌ መንገድ ላይ ሎጅ ሊሠራ ታስቧል አሉ፤ መሠረቱ ግን ወጥቷል። አማካሪው ማኪያቶውን አዝዟል። “ባሕር ዳር” በ“ዘጌ” ተተክቷል። ገጽ 23 ላይ፣ በሃሌታው ሀ የተጻፈችው “ባህር ዳር” ከ“ሀዋሳ” ጎን ቆማ፣ መውጫ ስለሌለው ሐይቅ ይወያያሉ።